ውስጡን ለቄስ፦ “ሁለተኛዋ ምድር” የሚለውን ዜና እንዴት እናንብበው?

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ሁለት ነገሮች ወደ ሰማይ ወጡ። አንደኛው ከቻይና የተወነጨፈው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ነው፤ ዜናውን ያልሰማ የለም። ሁለተኛው ስም ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት አድሎ “ስም አውጡላቸው” ብሎ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባል፣ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ የሚገኝ ኮከብ ነው። ኮከቡ “ቡና” ተባለ፤ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ “አቦል”።

ስሙ ጥሩ ስም ነው። አቦል የሚል ሰው ቶናና በረካ እንደሚከተሉ ያውቃል። ነገ ቡናን የሚዞር ሌላ ፕላኔት ቢገኝ ስሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ግን ደግሞ አቦል የምላስ ቃል ነው፤ ወፍራም ነው፣ ገና ውሃ አልተጨመረበትም፣ እንላለን። ፕላኔቱን የቀመሰው ይቅርና በዓይኑ ያየው እንኳ የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ግኝቱ ይፋ ሲሆን የታየው እሱ ራሱ ሳይሆን ኮከቡ ወዲህ ወዲያ ሲወዛወዝ ነው። ከዚያ መወዛወዝ የተሰላው ክብደቱ ቢያንስ ከጁፒተር 4 እጥፍ በላይ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 1000 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስፋቱን ግን ይህ ዘዴ አይሰጥም። በገበያ ቋንቋ አቦል ተመዝኗል፤ አልተሰፈረም። በዚያ ላይ እንዲህ የከበደ ነገር ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ስለሆነ ረከቦት የሚቀመጥበት መሬት የለውም።

ይህን የማነሳው ስሙን ለመንቀፍ አይደለም። ስም አንድን ነገር ከሌላው ለመለየት ይወጣል እንጂ ውስጡን ለመግለጥ አይደለም። መተቸት የምፈልገው ሌላ የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ በየጊዜው በአማርኛ የምናነበውን “ምድርን የምትመስል ፕላኔት ተገኘች” የሚለውን ዜና። በዚህ ዜና ውስጥ ሩቅ ያለችው ፕላኔት ብረቷ፣ ዓለቷ፣ ውቅያኖሷ ተቆጥሮ ይቀርባል፤ ያ ሁሉ ከየት እንደመጣ ግን አይነገርም። በእኔ እምነት የተበላሸው ሳይንሱ ሳይሆን ንባቡ ነው። ንባቡ የተበላሸው ደግሞ አማርኛ ስላነሰን አይደለም፤ ያለንን አማርኛ ስላልተጠቀምንበት ነው።

ሚዛንና ስፍር

እህል በቁና ይሰፈራል፣ በኪሎ ይመዘናል። ሁለቱን ያወቀ ሰው ጆንያውን ሳይፈታ አንድ ነገር መናገር ይችላል። ስፍሩ ትልቅ ሆኖ ሚዛኑ ካነሰ እህሉ ገለባ አለበት፤ ስፍሩ ትንሽ ሆኖ ሚዛኑ ከበዛ ድንጋይ ገብቶበት ይሆናል። ከፀሐይ ውጭ ባሉ ኮከቦች ዙሪያ ስለሚዞሩ ዓለታማ ፕላኔቶች ውስጥ የምናውቀው ነገር አብዛኛው የተገነባው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

ሚዛኑ የሚገኘው እንደ አቦል ከኮከቡ መወዛወዝ ነው። ስፍሩ የሚገኘው ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑን በምን ያህል እንደጋረደ በመለካት ነው። ምድር በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ የሚያይ ቢኖር የሚጎድልበት ብርሃን ከ10,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህን የመሰለ ጉድለት መለካት መቻሉ በራሱ ጉድ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲገናኙ እፍግታ ይወጣል፤ ማለትም በአንድ ስፍር ውስጥ ስንት ክብደት እንደታጨቀ ይታወቃል። ውሃ 1 ቢባል ተራ ድንጋይ 3 ገደማ ነው፤ ምድር በአማካይ 5.5 ናት።

እዚህ ላይ ፕላኔት ከጆንያ የሚለይበት ነገር አለ። ፕላኔት ራሱን በራሱ ይጨምቃል። የገለባ ክምር ከሥሩ እንደሚታመቅ ሁሉ የፕላኔት እምብርትም በላዩ ባለው ጭነት ይታመቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብረትም ዓለትም በዚያ ሁሉ ጭነት ሥር ምን ያህል እንደሚታመቁ በቤተ ሙከራ ለክተው፣ ወይም በኮምፒውተር አስልተው፣ ያንን ወደ ስሌቱ ያስገባሉ። ይህ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። የማይሠራው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ነገሩ በደንብ የገባኝ በኮድ ነው። ሦስት ድርብ ያለው ፕላኔት የሚያስላ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ከባድ አይደለም፦ መሐል ብረት፣ በላዩ ዓለት፣ በላዩ ውሃ። ኮምፒውተሩ “ብረት ይህን ያህል፣ ዓለት ይህን ያህል፣ ውሃ ይህን ያህል” እያለ ደጋግሞ እንዲገምት ይታዘዛል፤ ከሚዛኑና ከስፍሩ ጋር የገጠመውን ግምት ያስቀራል፣ ያልገጠመውን ይጥላል። አሁን የምድርን የራሷን ሚዛንና ስፍር ስጡት። አንድ መልስ አይሰጥም። የዛሬዋን ምድር የመሰለች አለች። ብረቷ በዝቶ በላይዋ ጥልቅ ውሃ የተጫነባት አለች፤ ብረቱ ያከበደውን ውሃው ያቀለዋል። በሁለቱ መካከልም ማለቂያ የሌላቸው ብዙ አሉ። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ሁሉም በሁለቱ ቁጥሮች ዘንድ አንድ ናቸው። ሙሉውን ስንዴ የሆነ ጆንያና ከታች ድንጋይ ከላይ ገለባ የተሞላ ጆንያ እኩል ሊመዝኑ ይችላሉ። ሁለት ቁጥር ሰጥተን ሦስት ነገር ስለጠየቅን የምናገኘው መልስ ነጥብ ሳይሆን ደመና ነው።

ሸክላ አንኳኩቶ መግዛት

“ታዲያ የምድርንስ ውስጥ ማን ገብቶ አየው?” የሚል አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ማንም አላየውም። ሰው ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ጥልቁ የሩሲያው ኮላ ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። እስከ ምድር መሐል ያለው ግን 6371 ኪሎ ሜትር ነው። ቅርፊቱን እንኳ አልጨረሰውም።

እኛ አገር፣ መካነ ሰላም ዙሪያ፣ የቆምንበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየፈሰሰ የወሎንና የጎጃምን ደጋ ከፍ ያደረገው እሱ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ንጣፉን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይቆጥረዋል። ይህ ድንጋይ ከውስጥ የመጣ መልእክት ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ስላለው ማንትል ስለሚባለው ክፍል ሙቀትና ባሕርይ ሊቃውንት ከእሱ ብዙ ያነባሉ። ግን መልእክት እንጂ ላኪው ራሱ አይደለም። ማንትሉ ሲቀልጥ ከፊሉ ወጣ፣ ከፊሉ ቀረ፤ በእጃችን ያለው የወጣው ነው።

በዚያ ላይ ባዛልት ከውሃ 3 ጊዜ ገደማ ቢከብድ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1798 የምድርን ሚዛን አስልቶ አማካይ እፍግታዋ ከውሃ 5.4 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ሲያሳይ፣ ከላይ የምናየው ድንጋይ ለዚያ ክብደት እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ከውስጥ የከበደ ነገር መኖር አለበት። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚጀምር ግን ሚዛን ብቻውን አልተናገረም።

የተናገረው ድምፅ ነው። ገበያ ላይ እናቶቻችን ምጣድና ጀበና ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ያዳምጣሉ፤ የተሰነጠቀው በድምፁ ይታወቃል። ምድርም የመሬት መንቀጥቀጥ ያንኳኳታል። ሞገዱ በየት እንዳለፈ፣ የት እንደታጠፈ፣ የት እንደቀረ በመቁጠር ሪቻርድ ኦልድሃም እ.ኤ.አ. በ1906 እምብርት መኖሩን አሳየ። በ1936 ደግሞ ዴንማርካዊቷ ኢንጌ ሌማን በእምብርቱ ውስጥ ሌላ እምብርት እንዳለ አሳየች። ከካቨንዲሽ እስከ ሌማን 138 ዓመት ነው። ከሚዛን ወደ ድምፅ ለመሄድ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ። ያውም ለቆምንባት ምድር!

በ40 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለን ፕላኔት የሚያንኳኳ የለም። ስለዚያ ፕላኔት ውስጥ የምንናገረው ከ1798 ካቨንዲሽ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው፤ የሌማን ወንበር ገና አልተሠራም። ዜናው የሚደብቀው አንዱ ነገር ይህ ነው።

የአልማዙ ታሪክ

55 ካንክሪ ኢ የምትባለው ፕላኔት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ኮከቧን በ18 ሰዓት ገደማ ትዞራለች፤ ክብደቷ የምድር 8 እጥፍ፣ ስፋቷ ደግሞ 2 እጥፍ ገደማ ነው። ይህን ያህል የከበደች ፕላኔት ራሷን አጥብቃ መጨመቅ ስላለባት፣ እንደ ምድር የብረትና የዓለት ብትሆን ኖሮ ከዚህ ትጠብ ነበር። ስለዚህ የቀለለ ነገር አለባት ተባለ፤ ብዙ ውሃ ወይም ጋዝ ሊሆን ይችላል ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኩ ማዱሱዳንና ባልደረቦቹ ሌላ ሐሳብ አመጡ። በዚያን ጊዜ በነበረው ልኬት መሠረት ኮከቧ ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ይበዛል ይባል ነበር። ፕላኔት ከኮከቡ ጋር ከአንድ ደመና ስለሚወለድ፣ ፕላኔቷም ካርቦን የበዛባት ብትሆንስ? በዚያ ሁሉ ጫና ውስጥ ካርቦን አልማዝ ይሆናል። ቢያንስ የፕላኔቷ ሢሶ አልማዝ ሊሆን ይችላል ተባለ። ጥናቱ በቅድመ ሁኔታ የተሞላ ነበር፦ “ኮከቡ እንዲህ ከሆነ፣ ፕላኔቷም ኮከቡን ከመሰለች፣ ሊሆን ይችላል።” ዓለም የሰማው ግን “የአልማዝ ፕላኔት ተገኘች” የሚለውን ነው።

በዓመቱ ጆሃና ቴስኬና ባልደረቦቿ የኮከቡን ብርሃን እንደገና ለኩት። ካርቦኑ ከኦክስጅኑ እንደሚያንስ ታየ፤ አልማዙ የቆመበት ምሰሶ ተነቃነቀ። በ2024 ደግሞ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ልኬት ፕላኔቷ ምናልባት በቀለጠ ዓለት ባሕር ላይ የካርቦን ጋዞች ያሉበት ከባቢ አየር እንዳላት ጠቆመ። “አልማዟ ቀረ” የሚለው ዜና ግን አልማዟን እንዳስወራው ዜና አልተሰማም።

እዚህ ላይ የምናጣው ነገር አልማዝ አይደለም፤ እምነት ነው። መጀመሪያ “አልማዝ ናት” የተባለ ልጅ፣ ቆይቶ “አይደለችም” ሲባል፣ ሳይንቲስቶቹ ዋሹ ብሎ ይደመድማል። እነሱ ግን “ናት” አላሉም፤ “ሊሆን ይችላል” ነው ያሉት። ውሸቱ የገባው በትርጉም ላይ፣ ከአንድ ግሥ ወደ ሌላው ሲዘለል ነው።

ወርቁ አንድ በማይሆንበት ጊዜ

አማርኛ አንባቢ ውስጥን ለመፈለግ የሠለጠነ ነው። ሰምና ወርቅ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ላዩን ሰምተን ወርቁን ፈልፍለን ካላወጣን አልሰማንም ማለት ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን አንድ ልማድም አስተምሮናል፤ ከሰሙ ሥር አንድ ወርቅ ተቀምጧል፣ ብልህ ያገኘዋል፣ ሲያገኘውም ነገሩ ይፈታል የሚል ልማድ። ገጣሚው ወርቁን ያውቀዋል፤ ያስቀመጠው እሱ ነዋ። ፕላኔት ግን ምንም አላስቀመጠልንም። ሌላው ልማዳችን ደግሞ ተቃራኒው ነው። “ውስጡን ለቄስ” ብለን እንተወዋለን፤ ወይም “ሆድ ይፍጀው”። ወይ አንድ ወርቅ፣ ወይ ዝምታ። የፕላኔት ንባብ የሚጠይቀው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ብዙ ውስጦችን በአንድ ጊዜ በእጅ ይዞ የትኛው እንደሚያመዝን መናገር።

ትራፒስት-1 በምትባል ትንሽ ቀይ ኮከብ ዙሪያ ሰባት ዓለታማ ፕላኔቶች አሉ። እርስ በርስ ስለሚጓተቱ ሚዛናቸው በጣም ጥሩ በሚባል ትክክለኛነት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኤሪክ አጎልና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ሰባቱም ተቀራራቢ እፍግታ እንዳላቸው፣ እንደ ምድር ከብረትና ከዓለት ቢሠሩ ሊኖራቸው ከሚገባውም በ8 በመቶ ገደማ እንደሚቀሉ አሳየ። ለምን? ሦስት መልሶች ቀረቡ። ብረታቸው ያነሰ ይሆናል፤ ምድር 32 በመቶ ገደማ ስትሆን እነሱ 21 በመቶ ገደማ። ወይም ብረታቸው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ዝጎ በዓለቱ ውስጥ ተበትኗል፤ ያን ጊዜ የብረት እምብርት ጭራሽ የላቸውም። ወይም ላያቸው ላይ ውሃ አለ፤ ይህ ግን ለኮከቡ ለቀረቡት፣ ውሃ ለሚተንባቸው ፕላኔቶች፣ የሚያመች መልስ አይደለም። አንድ 8 በመቶ፣ ሦስት የተለያዩ ዓለማት። እምብርት የሌላት ፕላኔትና ባሕር የለበሰች ፕላኔት በሚዛን ላይ እኩል ይቀመጣሉ። ለእኔ ይህ ከ“ሁለተኛ ምድር” የበለጠ የሚያስደምም ዜና ነው።

ቅርብ ያለች ማስረጃ ካስፈለገ ቬነስ አለች። ስፋቷ የምድር 95 በመቶ፣ ክብደቷ 81 በመቶ ገደማ ነው፤ እፍግታዋ 5.24 ነው። ከሌላ ኮከብ ሆኖ ወደኛ የሚያይ ቢኖር በዝርዝሩ ላይ “ምድር መሰል፦ ሁለት” ብሎ ይጽፋል። አንዷ ላይ ጤፍ ይበቅላል። ሌላዋ ላይ ሙቀቱ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የአየሩ ጫና ከምድር 90 እጥፍ ይበልጣል። “ምድርን የምትመስል” የሚለው ሐረግ ሁለቱን አይለይም። ሁለቱን የማይለይ ሐረግ ደግሞ ምን ዜና ነገረን?

ከ“ነው” እስከ “አይደለም”

ወደ ቋንቋው ልመለስ። አማርኛ እርግጠኝነትን በደረጃ የሚሰፍር ቋንቋ ነው። “ነው” አለ። “መሆን አለበት” አለ፤ አላየሁትም፣ ማስረጃው ግን ወደዚያ ይገፋኛል ማለት ነው። “ሳይሆን አይቀርም” አለ፤ ከግማሽ በላይ ያዘነብላል። “ይሆናል” አለ። “ሊሆን ይችላል” አለ፤ በሩ አልተዘጋም ማለት ብቻ ነው። “ይመስላል” ደግሞ ስለ ዓይን እንጂ ስለ ነገሩ አይናገርም። ገበሬ ስለ ዝናብ፣ ሽማግሌ ስለ ጸብ ሲናገር እነዚህን አያደባልቅም። ኮምፒውተሬ በቁጥር ደመና የሚያወጣውን መልስ አማርኛ በግሥ መናገር ይችላል። የዜና ጸሐፊው ግን ከእነዚህ ሁሉ መርጦ “ነው”ን ያነሣል።

ሞክሩት። የምድር እምብርት ብረት ነው። ካቨንዲሽ ጋ የቆመ ሰው ግን “ከውስጥ የከበደ ነገር መኖር አለበት” ማለት የሚችለው ብቻ ነው። የትራፒስት-1 ፕላኔቶች ከምድር ያነሰ ብረት ሊኖራቸው ይችላል። 55 ካንክሪ ኢ አልማዝ ልትሆን ትችላለች ተብሎ ነበር፤ አሁን ያን ለማለት የሚያበቃው ምክንያት ተዳክሟል። እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ለአንባቢ አይከብዱም። እያንዳንዱ የቆመበትን መሬት ይዞ ስለሚመጣ ነገ ቢሻር እንኳ ማንም ዋሸ አይባልም።

“በ‘ሊሆን ይችላል’ የሚጀምር ርእስ ማን ያነበዋል?” የሚል መልስ ይመጣል። ተገቢ መልስ ነው፤ በእርግጥም ጥርጣሬ ብቻ የተሞላ ጽሑፍ አሰልቺ ነው። ነገር ግን ይህ ሳይንስ በጣም የሚያምረው “ነው” ሲል ሳይሆን “አይደለም” ሲል ነው። ኤልኤችኤስ 3844 ቢ የሚባል ፕላኔት አለ፤ ከምድር በመጠኑ ይሰፋል፣ በ11 ሰዓት ኮከቡን ይዞራል። የአቦል ተቃራኒ ነው፤ ተሰፍሯል፣ ስለ እሱ የማወራው ጥናት ሲወጣ ግን አልተመዘነም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሎራ ክራይድበርግና ባልደረቦቿ የሚለቀውን ሙቀት ለክተው አንድ ነገር አሳዩ፤ ቀን ያለበት ፊቱ ይግላል፣ ሌሊቱ ግን ሙቀት አይደርሰውም። ሙቀቱን የሚያዞር ወፍራም አየር የለውም። ይህ “ሊሆን ይችላል” አይደለም፤ በር የተዘጋበት “የለውም” ነው። ላዩም ጥቁር ነው። እንደ ቀላል ዓለት ነጣ ያለ አይደለም፤ ከሁሉ የሚገጥመው ከባዛልት ጋር ነው። መካነ ሰላም ላይ አጥር የምናጥርበት ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ወደ 49 የብርሃን ዓመት ርቆ ከሚገኝ ዓለም በሚመጣ ሙቀት ውስጥ ይነበባል። ባዛልት ከሆነ ደግሞ እንደኛው ከውስጥ ቀልጦ የወጣ መሆን አለበት። ከላይ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባን፤ አንድ ብቻ።

ይህን ዓይነት ንባብ ከማንም በላይ የሚያውቁት በእኛው ክፍለ ሀገር የደላንታ ኦፓል ቆፋሪዎች ይመስሉኛል። ወገል ጤና አካባቢ ኦፓሉ ያለው በገደሉ ወገብ፣ በባዛልት ንጣፎች መካከል በተኛ ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ ነው። ቆፋሪው ንጣፉን በአንድ ገደል ላይ ካየ በሚቀጥለውም በዚያው ከፍታ ይፈልገዋል። “እዚህ ሳይኖር አይቀርም” ብሎ ይቆፍራል፤ “እዚያ የለም” ብሎ ይተዋል። ዋሻው ሊናድ በሚችልበት ሥራ ላይ “አለ” እና “ሳይኖር አይቀርም” አይምታቱም፤ ልዩነቱ የሰው ሕይወት ነው። የፕላኔት ዜና ጸሐፊ ሲሳሳት የሚናድበት ነገር ስለሌለ ነው ሁለቱን የሚያደባልቀው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ “ሁለተኛዋ ምድር ተገኘች” የሚል ርእስ ሲመጣ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ተመዝናለች? ተሰፍራለች? ሁለቱ ቢኖሩ እንኳ ከእነሱ ጋር የሚገጥሙት ሌሎች ውስጦች የትኞቹ ናቸው፣ የትኛውስ በር ተዘግቷል? ጽሑፉ ሦስተኛውን ካልመለሰ ስለ ፕላኔቷ ሳይሆን ስለ ምኞታችን እያወራ ነው። አቦልን በስሙ እንጠራዋለን፤ ይገባዋል። ጣዕሙን ግን ቀምሰን እንዳየን አድርገን አናውራ።